የተፈተነ ተስፋ፣ ያልተፈተነ ተስፋ፦ የስቴም ሴል ሕክምና የት ደረሰ?

ስቴም ሴል የሚለው ስም ዛሬ ከሆስፒታል ይልቅ ማስታወቂያ ላይ በርክቶ ይሰማል። ለጉልበት ሕመም፣ ለስኳር፣ ለኩላሊት፣ ለኦቲዝም፣ ለፀጉር መርገፍ፣ ለሁሉም አንድ መርፌ አለን የሚሉ ክሊኒኮች በብዙ አገር ተከፍተዋል፤ መልእክታቸውም በስልካችን በኩል ቤታችን ድረስ ይገባል። በዚያው ልክ እውነተኛው ሳይንስ፣ በተለይ ባለፉት ጥቂት ዓመታት፣ ከዚህ ቀደም ሐኪም ደፍሮ የማይናገራቸውን ውጤቶች አሳይቷል። ችግሩ ሁለቱም በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። ለመዳን የሚሻ ሰው፣ ወይም ልጁን ለማሳከም ቤቱን ሊሸጥ የተነሣ ወላጅ፣ የትኛው ተፈትኖ ያለፈ፣ የትኛው በፈተና ላይ ያለ፣ የትኛውስ ፈተናውን ዘሎ ታማሚው ላይ የወረደ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ ያስፈልገዋል። ይህ ዳሰሳ የሚሞክረው ይህንኑ ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመሠረቱ እንነሣ። በደማችን ውስጥ የሚዘዋወር አንድ ቀይ የደም ሴል ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ነው። የአንጀት የውስጥ ሽፋን በጥቂት ቀናት ተልጦ በአዲስ ይተካል፤ ቆዳም በሳምንታት ውስጥ ይታደሳል። ይህን ሁሉ የሚተካ ምንጭ ባይኖር ሰው ግማሽ ዓመት እንኳ መቆየት አይችልም ነበር። ምንጩ ስቴም ሴል ነው፤ ግንደ ሕዋስ የሚሉትም አሉ። ሲከፋፈል በአንድ በኩል ሥራ የሚሠሩ ሴሎችን ያወጣል፣ በሌላ በኩል ከራሱ ዓይነት ያስቀራል፤ እናቶቻችን ጋግረው ሲጨርሱ ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ እንደሚያስቀሩት ማለት ነው።

ነገር ግን ስቴም ሴል ሁሉ አንድ አይደለም፤ ማስታወቂያዎቹ የማይናገሩት ዋናው ነገርም ይህ ነው። የመቅኔ ስቴም ሴል ደም ይሠራል እንጂ ነርቭ አይሠራም። የቆዳው ቆዳ፣ የዓይን ብሌን ዳር ያለው ደግሞ የብሌኑን ሽፋን ብቻ ይሠራል። ማንኛውንም የሰውነት ክፍል መሆን የሚችለው ከተፀነሰ ገና አምስት ስድስት ቀን የሆነው ሽል ውስጥ የሚገኘው ነው። አንጎልና ልብ ደግሞ በአዋቂ ሰው ላይ ራሳቸውን የመተካት አቅማቸው እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ “ስቴም ሴል ይፈውሳል?” ተብሎ ሲጠየቅ የመጀመሪያው መልስ ሌላ ጥያቄ ነው፦ የትኛው ሴል፣ ለየትኛው በሽታ?

የደም ስቴም ሴል በማስረጃ የተረጋገጠው ቶሮንቶ ውስጥ ነው። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ በኋላ ጨረር መቅኔን እንደሚገድል ስለታወቀ ጉዳቱን የሚጠግን ነገር ፍለጋ ብዙ ላቦራቶሪዎችን ያስጨንቅ ነበር። በኦንታሪዮ ካንሰር ኢንስቲትዩት የፊዚክስ ባለሙያው ጄምስ ቲልና የደም ሐኪሙ ኧርነስት ማካሎክ አይጦችን ገዳይ በሆነ ጨረር ከመቱ በኋላ ከጤነኛ አይጥ የተወሰደ መቅኔ በደም ሥራቸው ይሰጧቸዋል። አንድ እሑድ ማካሎክ ላቦራቶሪ ገብቶ መቅኔ ከተሰጣቸው አሥር ቀን የሆናቸውን አይጦች ሲመረምር ጣፊያቸው ላይ ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች አየ። ሌላ ሰው ቢሆን እንደ ቁስል ቆጥሮ ያልፋቸው ይሆናል፤ እሱ ግን ቆጠራቸው። የጉብታዎቹ ብዛት ከተሰጠው የመቅኔ ሴል መጠን ጋር በቀጥታ ይጨምር ነበር። ግኝቱ በ1961 ታተመ፤ በ1963 ደግሞ እያንዳንዱ ጉብታ ከአንዲት ብቸኛ ሴል የበቀለ መሆኑን አሳዩ። አንዲት ሴል ቀዩንም ነጩንም የደም ሴል ልትወልድ እንደምትችል ከዚያ በኋላ ግምት መሆኑ ቀርቶ የሚቆጠር እውነት ሆነ።

ሕክምናው ግን ከማብራሪያው ቀድሞ ተጀምሮ ነበር፣ በብዙ ሕይወትም ተከፍሎበታል። አሜሪካዊው ኢ. ዶናል ቶማስ በ1957 መቅኔ ስለሰጣቸው 6 ታማሚዎች ሲዘግብ ከመካከላቸው 100 ቀን ያለፈ አልነበረም። በ1960ዎቹ አብዛኛው ሐኪም ነገሩን ተወው። ቶማስ ወደ ውሾች ተመልሶ ለዓመታት ሠራ፤ በዚህ መካከል ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ የከፈተው የሕብረ ሕዋስ ዓይነት ጥናት፣ ማለትም የለጋሽና የተቀባይ አካል የሚግባቡበት ምልክት፣ እየተብራራ መጣ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሲያትል የቶማስ ቡድን ሉኪሚያ የያዛቸውን ሰዎች ማዳን ቻለ፤ ቶማስም በ1990 ኖቤል ተሸለመ። በ2012 መጨረሻ በዓለም ላይ የተሠራው የደም ስቴም ሴል ንቅለ ተከላ አንድ ሚሊዮን ደረሰ። ሰዎች ስቴም ሴል የወደፊት ሕክምና ነው ሲሉ ስሰማ ይህን ቁጥር አስታውሳቸዋለሁ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ሉኪሚያን፣ የመቅኔ መድረቅን፣ ታላሴሚያና ሲክል ሴል የተባሉ በዘር የሚተላለፉ የደም በሽታዎችንም የሚፈውስ የስቴም ሴል ሕክምና አለ፤ ስሙ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ስለሆነ ብቻ ከዜናው ወጥቷል።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ያስደንቃል። የታማሚው መቅኔ በከባድ የካንሰር መድኃኒት፣ አንዳንዴም በጨረር፣ ሆን ተብሎ ባዶ ይደረጋል። ከዚያ የለጋሹ ሴል በከረጢት ተንጠልጥሎ እንደ ማንኛውም ደም በክንድ ወይም በደረት በኩል ይገባል፤ ቀዶ ጥገና የሚባል ነገር የለም። ሴሎቹ መንገዱን ራሳቸው ያውቁታል፤ በደም ተጉዘው አጥንት ውስጥ ይሰፍራሉ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜም አዲስ ደም ማምረት ይጀምራሉ። በእነዚያ ሳምንታት ታማሚው ምንም የመከላከል አቅም የለውም፤ ተራ ሻጋታ ሊገድለው ይችላል። ካለፈም በኋላ የለጋሹ ነጭ ሴሎች የታማሚውን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥረው ሊወጉ ይችላሉ። ሕክምናው ከባድ የሆነው ለዚህ ነው፤ ሲሳካ ግን በሽታው ተመልሶ የማይመጣበት ዕድል ሰፊ ነው። በ1988 ፓሪስ ውስጥ ኤሊያን ግሉክማን የአንድ ልጅን ደም ከአራስ እህቱ እትብት በተወሰደ ደም ስትተካ፣ ለዘመናት ከእንግዴ ልጅ ጋር ሲጣል የኖረ ነገር መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ታየ።

ሁለተኛው ምዕራፍ በ1998 ተከፈተ፤ ክርክሩም አብሮት መጣ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ቶምሰን ከእስራኤላዊው ሐኪም ጆሴፍ ኢትስኮቪትዝ-ኤልዶር ጋር ሆኖ፣ መካንነት ለማከም ተዘጋጅተው ከተረፉ ሽሎች ማንኛውንም የሰውነት ክፍል መሆን የሚችል የሰው ስቴም ሴል ማሳደግ ቻለ። ሴሉን ለማግኘት ሽሉ ይፈርሳል። ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና ሕይወት ከፅንሰት ይጀምራል ለሚሉ ሁሉ ይህ የማይታለፍ መስመር ነው፤ ብዙ የአይሁድ ሊቃውንትና ከሙስሊም ሊቃውንት ብዙዎቹ በበኩላቸው ከማህፀን ውጪ ያለን የጥቂት ቀን ሽል በሌላ ሚዛን ያዩታል። በነሐሴ 2001 ፕሬዚዳንት ቡሽ የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ በነበሩት የሴል ዘሮች ላይ ብቻ እንዲውል ገደቡት፤ በ2009 ኦባማ ገደቡን አነሡ። በዚያ ዘመን የነበረው ክርክር ከባድ የሆነው ሁለቱም ወገን የሰውን ሕይወት ስም ስለሚጠራ ነው፤ እኔም አንዱን ወገን ያላዋቂ ብሎ ማለፍን አልወድም።

ክርክሩን ያለዘበው ፖለቲካ ሳይሆን ሌላ ግኝት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ገርደን በ1962 የእንቁራሪት አንጀት ሴል አስኳልን ወስዶ የራሱ አስኳል በጠፋ እንቁላል ውስጥ ሲያስገባ እንቁላሉ እስከ እንቁራሪት እጭ ደረጃ አደገ። የበሰለ ሴል ውስጥ የሙሉ አካል ትእዛዝ አልጠፋም ማለት ነው። ከ44 ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ በአጥንት ቀዶ ሕክምና ሠልጥኖ ወደ ምርምር የዞረው የኪዮቶው ሺንያ ያማናካ ያንን ትእዛዝ ያለ እንቁላል ቀሰቀሰው። ከተማሪው ካዙቶሺ ታካሃሺ ጋር 24 ጂኖችን መርጠው ሁሉንም በአንድ ላይ የአይጥ ቆዳ ሴል ውስጥ አስገቡ፤ ሴሉ ወደ ሽል ዘመኑ ተመለሰ። ከዚያ ታካሃሺ አንድ አንድ እየቀነሰ የትኛው ሲጎድል ነገሩ እንደሚከሽፍ ፈተሸ። የቀሩት አራት ጂኖች ብቻ ነበሩ። በ2007 በሰው ቆዳ ሴል ተደገመ፣ በ2012 ያማናካና ገርደን ኖቤል ተጋሩ። አሁን ከማንም ሰው ክንድ ከተወሰደ ቁራጭ ቆዳ ወይም ጥቂት ደም ነርቭ፣ የልብ ጡንቻ ወይም የቆሽት ሴል ማብቀል ይቻላል፤ ሽል አይነካም።

አንድ ስጋት ግን ከመጀመሪያው አብሮ ተወልዷል። ማንኛውንም ነገር መሆን የሚችል ሴል ዕጢም መሆን ይችላል። ከያማናካ አራት ጂኖች አንዱ ራሱ በካንሰር ውስጥ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ሥራው ሴሉን ማሳደግ ብቻ ሳይሆን ወደሚፈለገው ዓይነት ጨርሶ ማድረስና ከመንገድ የቀረ አንድም ሴል አለመኖሩን ማረጋገጥ ሆነ። ከላቦራቶሪ እስከ ታማሚ ያለው ጊዜ የረዘመው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በመስከረም 2014 በኮቤ ከተማ ማሳዮ ታካሃሺ የምትመራው ቡድን በዕድሜ ምክንያት ዓይናቸው ለደከመ አንዲት ጃፓናዊት እናት ከራሳቸው ቆዳ የበቀለ የሬቲና ሽፋን ሲተክል፣ ዋናው የተጠየቀው ማየታቸው ሳይሆን ደኅንነታቸው ነበር። ለሁለተኛው ታማሚ የተዘጋጀው ሴል የጂን ለውጥ ስለታየበት ተከላው ቀረ። ያ ማቋረጥ ለእኔ ከተከላው ባልተናነሰ ትልቅ ሥራ ነው።

ከ2024 ወዲህ ግን ነገሩ ከደኅንነት ጥያቄ ወደ ውጤት ጥያቄ ተሸጋግሯል፤ ይህ የዳሰሳችን ወሳኝ ነጥብ ነው። አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ሰውነት ራሱ የቆሽቱን ኢንሱሊን አምራች ሴሎች ሲያጠፋ የሚመጣ ነው። ሁለት ልጆቹ በዚህ በሽታ የተያዙበት የሃርቫርዱ ዳግ ሜልተን ሙያውን ለዚህ አዙሮ፣ በ2014 እነዚህን ሴሎች ከስቴም ሴል በብዛት የማምረቻ መንገድ አሳየ። ሥራው ቨርቴክስ ወደተባለው ኩባንያ ገብቶ በሰኔ 2025 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ሙሉ መጠን ከተሰጣቸው 12 ሰዎች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን መውጋት አቁመዋል፤ 12ቱም ራስን ከሚያስት የስኳር መውረድ ድነዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2024 የቻይናው ዴንግ ሆንግኩይ ቡድን ለአንዲት የ25 ዓመት ወጣት ከራሷ አካል የተሠራ ሴል ሆዷ ጡንቻ ሥር ተክሎላት በ75 ቀን ኢንሱሊን አቁማለች። ኢንሱሊን በቶሮንቶ ከተገኘ መቶ ዓመት አልፎት እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ደስታን መደበቅ አይቻልም።

ደስታው ግን ሙሉ እንዳይሆን የሚያግድ ነገር አለ። በቨርቴክሱ ሙከራ ሰዎቹ የተተከለላቸውን ሴል ሰውነታቸው እንዳያጠፋው የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ሁልጊዜ መውሰድ አለባቸው። በሙከራው ውስጥ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ አንዱ በክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ነው። ይህ በኤችአይቪ ዘመን በአገራችን ሆስፒታሎች በደንብ የምናውቀው፣ የተዳከመ አካል የሚጠብቅ በሽታ ነው። በመርፌ ፈንታ የመከላከል አቅምን መስጠት ለብዙ ታማሚ የሚያዋጣ ልውውጥ አይደለም፤ ስለዚህ ቀጣዩ ትግል ሴሉን በጂን ማስተካከያ ከመከላከያው ዓይን መሰወር ሆኗል።

ፓርኪንሰን ሌላው ተስፋ የታየበት ቦታ ነው። በሽታው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚያመነጩ ጥቂት ሴሎች ሲሞቱ የሚመጣ ስለሆነ የጎደለው ምን እንደሆነ በትክክል ይታወቃል። በሚያዝያ 2025 ኪዮቶ የ7 ታማሚዎችን፣ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ብሉሮክ የተባለው ኩባንያ የ12 ታማሚዎችን ውጤት በአንድ ቀን አሳተሙ። ዕጢ አልታየም። በኪዮቶ ውጤታቸው ከተመዘነው 6 ሰዎች 4ቱ መድኃኒት ባልወሰዱበት ሰዓት እንቅስቃሴያቸው ተሻሽሏል። ግን ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም፤ ፓርኪንሰን ደግሞ ተስፋ ብቻውን ለጊዜው የሚያሻሽለው በሽታ ነው። በ2001 ውጤቱ የታተመ፣ ከውርጃ በተገኘ የፅንስ ሴል የተደረገ ሙከራ፣ ለግማሾቹ የማስመሰያ ቀዶ ጥገና አድርጎ ሲያነጻጽር ከተጠበቀው ያነሰ ውጤት ማግኘቱ፣ በአንዳንዶቹም ላይ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ እንቅስቃሴ መምጣቱ አይረሳም። በእኔ ግምት የ2025ቱ ውጤት ጥሩ መነሻ ነው፤ ፈውስ ለማለት ሰፋ ያለውን ሙከራ መጠበቅ ግድ ነው።

ቆዳና ዓይን ላይ ግን ከግምት አልፈናል። በ2015 ጀርመን ውስጥ ቦኹም ሆስፒታል የገባ የ7 ዓመት ሶርያዊ ስደተኛ ልጅ ቆዳው በትንሽ ንክኪ የሚገፈፍ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነበረበት፤ ሐኪሞቹ የማስታገሻ እንክብካቤ ብቻ ሊሰጡት እየተዘጋጁ ነበር። የጣሊያኑ ሚኬሌ ዴ ሉካ ሞዴና ውስጥ ከልጁ ከተወሰደ ትንሽ ጤነኛ ቆዳ ስቴም ሴሎቹን አሳድጎ፣ የጎደለውን ጂን ጨምሮበት፣ እንደ አንሶላ ዘርግቶ ላከ። 80 በመቶ የሚሆነው የልጁ ቆዳ በዚህ ተተካ። ልጁ ትምህርት ቤት ተመለሰ፤ እግር ኳስም ተጫወተ። ያው የሞዴና ቡድን ከግራዚዬላ ፔሌግሪኒ ጋር የሠራው ሆሎክላር፣ በኬሚካል ለተቃጠለ ዓይን ከሌላው ዓይን ዳር ተወስዶ በላቦራቶሪ የሚያድግ የብሌን ሽፋን፣ በ2015 በአውሮፓ ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው የስቴም ሴል ምርት ሆኗል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ለእኛ ዓይነቱ አገር ትልቁ ትምህርት ያለው ከጣሊያን ይልቅ ህንድ ውስጥ ነውና። በሃይደራባድ ኤል ቪ ፕራሳድ የዓይን ተቋም ቪሬንደር ሳንግዋንና ባልደረቦቹ በ2012 አንድ ቀላል ዘዴ አሳተሙ። ከጤነኛው ዓይን ዳር በጣም ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል፣ በጥቃቅኑ ይከታተፋል፣ ከእንግዴ ልጅ በተገኘ ስስ ሽፋን ላይ ተበትኖ በተጎዳው ዓይን ላይ በማጣበቂያ ይያዛል። ሴሎቹ የሚያድጉት በላቦራቶሪ ሳይሆን ዓይኑ ላይ ነው። ሁሉም በአንድ ቀዶ ክፍል በአንድ ቀን ያልቃል። ኖራ ዓይናቸው ውስጥ የገባባቸው ቀለም ቀቢዎችና ግንበኞች፣ አሲድ የተደፋባቸው ሴቶች፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይናቸው እስከተረፈ ድረስ የዚህ ዘዴ ተጠቃሚ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። በትራኮማ ለደፈረሰ ብሌን ግን ይህ መልስ አይደለም፤ ያ ጠባሳው የጠለቀና የዐይን ሽፋሽፍት ጉዳትም ያለበት ሌላ ችግር ነው።

ከጂን ማስተካከያ ጋር የተጣመረው የደም ሕክምና ደግሞ የዋጋን ጥያቄ ፊት ለፊት ያመጣል። ሲክል ሴል ቀይ የደም ሴልን እንደ ማጭድ የሚያጎብጥ፣ አጥንት የሚሰብር ዓይነት ሕመም የሚያመጣ በሽታ ነው፤ በሽታው ያለባቸው አብዛኞቹ ሕፃናት የሚወለዱት ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ካስጌቪ የተባለው ሕክምና በኅዳር 2023 በብሪታንያ፣ በታኅሣሥ በአሜሪካ ተፈቀደ። የታማሚው የራሱ ስቴም ሴል ይወጣል፣ ክሪስፐር በተባለው የጂን መቀስ አንድ ማጥፊያ ይቆረጥለታል፣ ከተወለድን በኋላ የተዘጋው የፅንስ ዘመን ሄሞግሎቢን እንደገና ይከፈታል። ከተመዘኑት 31 ሰዎች 29ኙ ቢያንስ ለ12 ተከታታይ ወራት ከባድ ሕመም አልነካቸውም። ሲፈቀድ ዋጋው በአሜሪካ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በሽታው የሚበዛበት አህጉርና መድኃኒቱ የሚሸጥበት አህጉር ሳይገናኙ ቀርተዋል፤ ይህ ሊያሳፍር የሚገባው ሳይንሱን ሳይሆን የዓለምን የጤና ፖለቲካ ነው።

አሁን ወደ ጨለማው ክፍል። የስቴም ሴልን ያህል ማጭበርበር የተፈጸመበት የሕክምና መስክ ጥቂት ነው። ኮሪያዊው ህዋንግ ዉ-ሱክ ከሰው ክሎን ስቴም ሴል አገኘሁ ብሎ ያሳተማቸው ሁለት ጽሑፎች በ2006 ተሰረዙ። ከሁሉ የሚከብደው ግን በስዊድን የሆነው ነው። በ2011 አይስላንድ ውስጥ የሚማር ኤርትራዊ ወጣት፣ የልጆች አባት፣ የአየር ቧንቧው ላይ ያደገ ዕጢ ይዞት ስቶክሆልም ካሮሊንስካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ገባ። ቀዶ ሐኪሙ ፓውሎ ማኪያሪኒ ቧንቧውን አውጥቶ፣ ከወጣቱ መቅኔ በተወሰደ ሴል የተነከረ የፕላስቲክ ቧንቧ ተከለለት። ስቴም ሴሉ ፕላስቲኩን ሕይወት ያለው አካል ያደርገዋል ተብሎ በታላቁ ላንሴት መጽሔት ታተመ፤ ዓለም አጨበጨበ። ከዚያ በፊት ዘዴው በእንስሳት ላይ በአግባቡ አልተፈተነም ነበር። ፕላስቲኩ ከሥጋ ጋር አልተዋሐደም። ወጣቱ ከሁለት ዓመት ተኩል ስቃይ በኋላ በ2014 መጀመሪያ አረፈ፤ በካሮሊንስካ ተመሳሳይ ተከላ የተደረገላቸው ሌሎቹ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። መዝገቡን አገላብጠው ጩኸት ያሰሙት እዚያው ሆስፒታል የሚሠሩ አራት ሐኪሞች ነበሩ፤ ተቋማቸው መጀመሪያ ያደመጠው እነሱን ሳይሆን ዝነኛውን ቀዶ ሐኪም ነው። በ2023 የስዊድን ይግባኝ ፍርድ ቤት ማኪያሪኒን በሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ቀጣ። ከስደት አገር ትምህርት ቤት ተነሥቶ የዓለም መጀመሪያ የተባለውን ሙከራ የተሸከመ የቅርብ ጎረቤታችን ልጅ መሆኑ ነገሩን ለእኛ የሩቅ ዜና አያደርገውም።

ገበያው ደግሞ የማኪያሪኒን ያህል ዝና እንኳ አይፈልግም። በፍሎሪዳ በአንድ ክሊኒክ ሦስት ሴቶች ከሆዳቸው በተወሰደ ስብ የወጣ “ስቴም ሴል” በሁለቱም ዓይናቸው በአንድ ቀን ተወግተው ማየት እንዳቃታቸው በ2017 ታትሟል፤ እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለዋል። ሞስኮ ውስጥ የፅንስ አንጎል ሴል የተወጋ አንድ እስራኤላዊ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንጎሉና ህብለ ሰረሰሩ ላይ ዕጢ ተገኝቶበታል፤ ዕጢው የራሱ ሳይሆን የለጋሾቹ ሴል ነበር። ከስብና ከመቅኔ የሚወጣው በክሊኒኮቹ በብዛት የሚሸጠው ሴል በአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኘው በታኅሣሥ 2024 ነው፤ እሱም ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ የለጋሽ ሴል እየወጋቸው በስቴሮይድ ላልተመለሰላቸው ሕፃናት ብቻ ነው። ለጉልበት አይደለም፣ ለኦቲዝም አይደለም፣ ለኩላሊትም አይደለም። አንድ ክሊኒክ አንዱን ሴል ለአሥር በሽታ ከሸጠ፣ ሙከራ ነው እያለ ከታማሚው ገንዘብ ከተቀበለ፣ የታተመ ውጤት ሲጠየቅ የዳነ ሰው ቪዲዮ ካሳየ፣ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም።

ሳይተከል የሚጠቅመውን ክፍል በአጭሩ ልለፈው። በ2009 የኔዘርላንዱ ሃንስ ክሌቨርስ ቡድን ከአንዲት የአንጀት ስቴም ሴል ትንሽ አንጀት በሳህን ላይ አበቀለ፤ ዛሬ በዚህ መንገድ መድኃኒት በታማሚው ላይ ከመሞከሩ በፊት በራሱ ሴል ላይ ይሞከራል። በስቴም ሴል ብቻ የተሠሩ ሽል መሰል ነገሮችም በ2023 ከዋይዝማን ተቋም ወጥተው የ14 ቀኑን የሽል ምርምር ገደብ እንደገና አከራካሪ አድርገውታል።

የተረፈው የእኛ ጉዳይ ነው። የስቴም ሴል ሳይንስ አዲስ አበባ ሳይደርስ አልቀረም። ሥር የሰደደ የማይሎይድ ሉኪሚያ ከአንድ የደም ስቴም ሴል የሚነሣ በሽታ ነው፤ በ1990ዎቹ ዋናው መድኃኒቱ መቅኔ መቀየር ነበር። ያንን የቀየረው ኢማቲኒብ የተባለ እንክብል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ለታማሚዎች በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል። በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ደግሞ ንቅለ ተከላ የሌላ አገር ሥራ ነው የሚለው እምነት ፈርሷል። ናይጄሪያ ሲክል ሴል ላለበት ልጅ መቅኔ የተከለችው በ2011 ነው፤ ታንዛንያም በቅርብ ዓመታት ጀምራለች።

ለእኛ የመቅኔ ንቅለ ተከላ እንቅፋቱ ለጋሽ ማጣት ይመስለናል። በዓለም መዝገቦች ከ40 ሚሊዮን በላይ ፈቃደኛ ለጋሾች ተመዝግበዋል፤ ይሁንና በ2014 በአሜሪካ መዝገብ ላይ የተሠራ ጥናት የአውሮፓ ዘር ላለው ታማሚ ፍጹም ተስማሚ ለጋሽ የማግኘት ዕድል 75 በመቶ ሲሆን ለአፍሪካ ዝርያዎች 20 በመቶ እንደማይሞላ አሳይቷል። አፍሪካውያን በዘር ልዩነታቸው ከሁሉ የሰፉ፣ በመዝገቡ ግን ከሁሉ ያነሱ ናቸውና። በዋሽንግተን፣ በአትላንታ፣ በቴል አቪቭ ያሉ ወጣቶቻችን በጉንጭ ፈሳሽ ናሙና የሚመዘገቡበት እያንዳንዱ ቀን ይህን ቁጥር ይቀይራል። ይሁን እንጂ እኛ የብዙ ወንድምና እህት ልጆች ነን፤ ከአንድ እናትና አባት የተወለደ እያንዳንዱ ወንድም ወይም እህት ሙሉ ተስማሚ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ አራት ወንድምና እህት ላለው ሰው ቢያንስ አንድ የማግኘት ዕድሉ ከሦስት ሁለት ይጠጋል።

ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ያበሰሉት ዘዴ አለ። ከእናት፣ ከአባት ወይም ከልጅ በግማሽ ብቻ የሚስማማ መቅኔ ይሰጣል፤ ከተሰጠ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ ሲወጋ ታማሚውን ሊወጉ የተነሡት የለጋሹ ሴሎች ይመታሉ፣ ስቴም ሴሎቹ ግን መድኃኒቱን የሚያከሽፍ ኢንዛይም ስላላቸው ይተርፋሉ። ሳይክሎፎስፋማይድ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ፣ በእኛም የካንሰር ክፍሎች የሚታወቅ መድኃኒት ነው። በእኔ እምነት ለኢትዮጵያ የዘመኑ ትልቁ የስቴም ሴል ዜና ይህ ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ዶላር አያስፈልገውም፣ መዝገብም አይጠብቅም። የሚጠይቀው አየሩ የተጣራ ጥቂት ክፍሎች፣ ሌሊቱን ሙሉ ትኩሳት የሚከታተሉ የሠለጠኑ ነርሶች፣ የፈንገስ መድኃኒት፣ የመከላከል አቅምን የሚያዳክመውን የሳይክሎስፖሪን መጠን የሚለካ ላቦራቶሪ ነው። ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን ደምን የሚያረጋው ፕሌትሌት ነው፤ አዲሱ መቅኔ ሥራ እስኪጀምር ታማሚው ለሳምንታት ደጋግሞ ይፈልገዋል፣ ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ የሚቆየው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መደራጀት ያለበት በየሳምንቱ ሳይጠራ የሚመጣ የደም ለጋሽ ነው።